ቀድመው የቀመሱት ንቦች

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ... አርባ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ፊት ሎሚ ይዤ ቆሜ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወደ ወረታ ተቀይሬ ሳስተምር ይኼ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያ ቀን ትምህርቴ በጣም ኮርቼ ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። ሎሚ እንጨምቃለን፣ ውኃ እንጨምራለን፣ በማር እናጣፍጣለን። ከዚያ ትንሽ በሳህን መስኮቱ ላይ አስቀምጠን ንቦች ሲጠጡ እናያለን። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ቀፎዎች አሉ፤ ማሩንም የገዛሁት ከዚያው ነው። በዚህ ወር ሜዳው ላይ አበባ የለም፣ ስለዚህ ጣፋጭ ከሸተታቸው አይቀሩም።

የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ከደረቀ ሰንብቷል። ውኃውን በአምስት ሊትር ጀሪካን ከቤቷ ያመጣችልን እናንየ ናት። የሽንኩርት ገበሬ ልጅ፣ ቁም ነገረኛ፣ አንዳንዴ ከእኔ ይልቅ መምህር የምትመስል።

ጭማቂው ሲደርስ ልጆቹ ኩባያቸውን ዘረጉ። እናንየ ግን ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ መጀመሪያ እኔ ልቅመሰው። ውኃውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እናቴ፣ ያቀረበ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል ትላለች።»

መዳፏን ጎድጎድ አድርጋ ዘረጋችልኝ። ሳቄ መጣ። እኛም ቤት ጠላ የሚቀዳ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም። ግን እኔ ቀልድ አያልቅብኝም አይደል...

«ማሩ የእነሱ ነው፤ ዛሬ ንቦቹ ይቅመሱልን» አልኩና ሳህኑን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። እናንየ አኮረፈች።

ብዙም አልቆዩ። አንዷ መጣች፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውነው። ልጆቹ «ምላሷን አየሁት!» እያሉ ሲጋፉ አንዷ ንብ ተንገዳግዳ ወደቀች። ሌላዋ በጀርባዋ ተገልብጣ መሽከርከር ጀመረች።

«ሰከሩ! ቲቸር፣ ሰከሩ!»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ... እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ከዚያ መንቀሳቀስ አቆሙ። አዲስ የመጡትም ጠጥተው እዚያው ቀሩ። ሳቁ በየተራ ጠፋ። ሎሚ ንብ አይገድልም። ማሩ ከራሳቸው ቀፎ ነው። የቀረው ውኃው ነው።

«ማንም እንዳይነካው!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

ጀሪካኑን አሸተትኩት። ከአመድ ሽታ ስር የሚሰነፍጥ ነገር አለ።

«እናንየ፣ በዚህ ጀሪካን ምን ነበረበት?»

«አባቴ ሽንኩርቱ ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት። ስላለቀ እናቴ ትናንት ሦስቴ በአመድ አጥባዋለች።» ፊቷ ተለወጠ። «አብሮት የታጠበ ሌላም ጀሪካን አለ። ዛሬ በእሱ ለአባቴ ማሳ ድረስ ውኃ ትወስዳለች።»

የአባቷ ስልክ ዝግ ነው። ክፍሉን ለጓደኛዬ መምህርት ትቼ ከእናንየ ጋር ባጃጅ ያዝን። ሜዳው ላይ የፎገራ ላሞች መንገዱን ሞልተው ሽር ይላሉ። ላም እንደዚያ ቀን ረግሜ አላውቅም።

ስንደርስ አባቷ ከማሳው ዳር ተቀምጠው ኩባያ ይዘዋል። እናቷ ጀሪካኑን አዘንብለው ውኃውን መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገዋል። ሊቀምሱ ወደ አፋቸው እያስጠጉ ነው...

«እማ! አትቅመሽው!»

የእናንየ ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እናቷ ደንግጠው ውኃውን ደፉት።

«ሦስቴ እኮ አጥቤዋለሁ...» አሉ፣ እርጥብ መዳፋቸውን እያዩ። ንቦቹ የሆኑትን ስነግራቸው መሬት ላይ ዘጭ አሉ። አባቷ ዶማ አንስተው ጀሪካኑን በሱት።

ሰኞ ክፍል ስገባ መስኮቱ ተጠርጓል። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ቀፎዎች እንደ ወትሮው አይጮሁም... ወይም ለእኔ መሰለኝ። እናንየ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ለንቦቹስ ማን ይቅመስላቸው?»

መልሱን የምታውቁ ንገሩኝ... በየቀኑ እጇን ታወጣለች።