ሸሪፋና የግድግዳው ቧንቧ

ሸሪፋ ስትናደድ ድምጿ ከፍ አይልም፤ ዝቅ ነው የሚለው። ልጇ ሀፊዝ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። እያወቀ ግን አንድ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ መጥቶ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ባለው የእናቱ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመና፣ "እማ፣ ይህ ቤት አብቅቶለታል። ቆልፈሽው ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ። እሺ ካላልሽኝ የዛሬ ሳምንት ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ" አላት።

"ይምጡ" አለችው፣ ጆሮ ካልሰጡት በማይሰማ ድምፅ።

የነገሩ መነሻ መታጠቢያ ቤቱ ነው። ባሏ ጀማሉዲን ከሞተ ወዲህ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ ማንጠብጠብ ጀምሮ ግድግዳው አብጧል፣ ቀለሙም ተልጧል። የውሃ ማሞቂያውም ሥራ አቁሟል። የደሴ ብርድ ደግሞ የሚቀለድበት አይደለም። ሸሪፋ ቁርጥማት አለባት፤ ለንጋቱ የሱብሂ ሶላት በዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ስትታጠብ፣ ውዱዕ ስታደርግ፣ ጣቶቿ ደንዝዘው ልብሷን መቆለፍ ያቅታታል። ሀፊዝ ይህን ሰምቶ ነው የተሸበረው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ ከብዙዎቹ ይሻላል። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራል፤ ለእናቱ ክፍል አዘጋጅቷል፤ መጋረጃ ሳይቀር ገዝቷል። ሸሪፋን ያንገበገባት ይኸው መጋረጃ ነው። ሳይጠይቃት ቀለም መርጦላታል።

እሷ ከቢስቲማ ተድራ ስትመጣ ይህ ቤት አንዲት ክፍል ነበረች። ልጆቿን ያጠበችው ከምንጭ በጀርባዋ ተሸክማ ባመጣችው ውሃ ነው። ጀማሉዲን ሙያው አናጢነት ነበር እንጂ ቧንቧ አያውቅም፤ የሚያውቅ ሰው ለመጥራት ግን ኩራቱ አልፈቀደለትምና ራሱ ዘረጋው። ሲሚንቶውን ያቦካችው፣ መፍቻውን ያቀበለችው፣ "ጠመመብህ" እያለች ያሳረመችው ሸሪፋ ናት። ሰፈሩ ግን "ጀማሉዲን ቤቱ ውሃ አስገባ" ብሎ አወራ፤ እሷም ዝም አለች። የሁለት ሰው ድካም በአንድ ሰው ስም ሲጠራ ስንቷ ሴት ዝም ብላለች!

ሀፊዝ እንደሄደ ጎረቤቷን ኩኩን ጠርታ፣ "ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ግድግዳው ደርቆ፣ ውሃው ሞቆ ካልጠበቃቸው መውጣቴ ነው። ምን ብዬ እከራከራለሁ?" አለቻት።

"ጸጋውን ልጥራልሽ? ቧንቧ ይሠራል እኮ።"

"ጸጋው ቧንቧውን ፍለጋ ግድግዳውን በሙሉ ያፈርሰዋል። የት እንደተቀበረ የማውቀው እኔ ነኝ።"

ወላሂ ታውቃለች። የውሃ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ዘጋች፤ መሮና መዶሻ ይዛ ግድግዳውን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ፈለፈለችው፤ ቧንቧው ወደ ላይ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ዝጎ ተበሳስቶ አገኘችው። ፈታችው፤ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ገበያ ይዛው ወረደች። በአፍ ሲያስረዱ ከመዋል ዕቃውን ማሳየት ይሻላል። ማሞቂያውንም መብራቱን ከመብራት ቆጣሪው አጥፍታ ከፍታዋለች፤ ውሃውን የሚያፈላው ብረት ከስሎ ጠቁሯል። እሱንም ያዘች።

ሻጩ ጎልማሳ ሰው ነው። ጨርቁን ሲፈታላት አየና ሳቅ አለ። "እናቴ፣ ቤት ውስጥ ወንድ የለም እንዴ? እሱን ቢልኩት አይሻልም?"

"ወንዱ ሞቷል። ቧንቧው ግን አልሞተም፤ የዚህን ዓይነት ስጠኝ።"

ሁለቱንም ሰጣት። የብረት መገጣጠሚያ ስላለቀ ግን የሰጣት የፕላስቲክ ነበር። የቧንቧው ጫፍ ጠመዝማዛ ክር ላይ ውሃ እንዳያሾልክ ስሱን ቴፍሎን ጠቀለለች፤ መገጣጠሚያውን ገጠመችበት፤ በመፍቻ አጠበቀችው፤ ደግማ አጠበቀችው። በሰፈሩ ውሃ በፈረቃ ነው የሚለቀቀው፤ ፈረቃው ሐሙስ ሲደርስ ኩኩን መዝጊያውን ክፈቺ አለቻት። መገጣጠሚያው ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀና ውሃው ፊቷን ገረፋት።

"ዝጊው! ኩኩ፣ ዝጊው!"

ኩኩ እየሮጠች ሄዳ ዘጋችው፤ ስትመለስ ሸሪፋ ከእግር እስከ ራሷ በስብሳ ስታያት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሸሪፋ ግን እርጥቡ ወለል ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ነበር ዓይኗ ላይ የመጣባት፤ ቁጭ ብላ ምሳ የምትጠብቅበት፣ "ተይ እማ፣ አትነሽ" የምትባልበት። ኩኩ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች።

"ምን አድርጌው ነው የተሰነጠቀው?" አለች ሸሪፋ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

"ስታጠብቂው አይቼሻለሁ። ሀፊዝን የምታንቂ ነው የምትመስይው።"

ሸሪፋ እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ተነስታ ልብሷን ቀየረች፤ ሌላ መገጣጠሚያ ገዝታ መጣች። አሁን ቴፍሎኑን ክሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ጠቀለለችው፤ ቧንቧው እንቢ ማለት ሲጀምር እጇን ሰበሰበች። ኩኩ ስትከፍተው አልፈሰሰም። ማሞቂያው ላይ አዲሱን ብረት ገጠመች፤ ወደ ሁለቱ መክፈቻዎች የሚሄዱትን የሙቁንና የቀዝቃዛውን ቱቦዎች መልሳ አሰረች፤ ሞልቶ ውሃው በቧንቧው መውረድ እስኪጀምር ጠበቀችና ያን ጊዜ መብራቱን አበራች። የፈለፈለችውን ግድግዳም በሲሚንቶ ደፈነችው። ዛሬም ያቦካችው እሷ ናት።

ቅዳሜ ሀፊዝ ሽማግሌዎቹን ይዞ መጣ፤ ከመስጊዱ ሀጂ ሙንዚርን፣ ሰፈሩን በሐዘን ከሚያሰባስበው ቅሬ ደግሞ ዳኛውን ጋሽ አግማስን። ወጉ ሳይጀመር ለቀትሩ የዙህር ሶላት የሚጠራው አዛን ተሰማ። ሀጂ ሙንዚር እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ ሀፊዝ ብድግ አለ። "ሀጂ፣ ቤቱ ውስጥ የረባ ውሃ የለም። ከጎረቤት ላምጣልዎ።"

"ተቀመጥ" አለች ሸሪፋ በዚያ ዝቅ ባለ ድምጿ። "ሀጂ፣ መታጠቢያ ቤቱ ያውልዎ። የቀኙን ይክፈቱ።"

ገቡ። ውሃው ሲወርድ ተሰማ። ሽማግሌው ቶሎ አልወጡም፤ ሰው በሙቅ ውሃ እግሩን ሲያጥብ አይቸኩልም። ጺማቸውን እያበሱ፣ "ማሻአላህ! እኔ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ የለም" እያሉ ወጡ።

ሀፊዝ ገብቶ አየ። ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰው። "ሙቁ በቀኝ ነው እንዴ? ሙቅ እኮ በግራ ነው የሚሆነው። አገላብጠሽዋል፣ እማ።"

"ውዱዕ በቀኝ ነው የሚጀመረው። በእኔ ቤት ሙቁም በቀኝ ነው።"

ተሳስታ ነው ወይስ አስባበት? የምታውቀው ኩኩ ብቻ ናት፤ እሷም አትናገርም።

"ለመሆኑ ማሞቂያው ምን ነክቶት ነበር የተበላሸው?" አሉ ጋሽ አግማስ ከሶላት በኋላ።

"ለዒድ የመጣ ሰው፣ ውሃ በጠፋበት ቀን ባዶውን አብርቶት ነው።"

ሀፊዝ አንገቱን ደፋ። ጋሽ አግማስ ሳቃቸውን ሊሸሽጉ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

"ቧንቧውን ተይው፣ እማ" አለ ሀፊዝ በመጨረሻ። "ብቻሽን ብትወድቂስ? ስልክሽን ባላነሳሽ ቁጥር ሞታለች ብዬ ነው የማስበው። እፈራለሁ።"

ሸሪፋ አየችው። አሳዘናት፤ ሐሳቧ ግን አልተነቃነቀም።

"መፍራትህን ነግረኸኝ ቢሆን እነዚህን ትልልቅ ሰዎች ባላደከምክ። ስታመም ትመጣለህ፤ ስሞት ትቀብረኛለህ። እስከዚያ ግን ቤቱ የእኔ ነው፤ አንተም ስትመጣ እንግዳዬ ነህ።"

ሀጂ ሙንዚር የመጡበትን ጉዳይ ሳያነሱ ቤቱን ሊመርቁ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ።