የአልማዝ ጉዲፈቻና ያሳጠርኩት ቃል

ቦንጋ ፍርድ ቤት በአስተርጓሚነት የተቀጠርኩት መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሬጅስትራሩን ወንበሬ የት እንደሆነ ብጠይቀው «አስተርጓሚ ቆሞ ነው የሚሠራው» አለኝ። ከዳኛው በስተግራ ቆሜ ካፊኖኖውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን ወደ ካፊኖኖ መመለስ ጀመርኩ።

የዚያን ዕለት የድንበር ክርክር ነበር። ከማንኪራ የመጡ ሽማግሌ ወጣቱን ዳኛ ከላይ እስከ ታች አዩትና በካፊኖኖ «ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው የሚፈርድብኝ?» አሉ።

«ምን አሉ?» አለኝ ዳኛው።

«በዚህ ዕድሜ እዚህ ወንበር ላይ መቀመጥዎ አስደንቋቸዋል» አልኩ።

ዳኛው ፈገግ አለ። ሽማግሌውም ፈገግታውን አይተው ለዘብ አሉ። ክርክሩ ያለ ጩኸት አለቀ፤ እኔም ሥራውን በአንድ ቀን ያወቅኩት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ስድብ ሲመጣ እጥላለሁ፤ ወሬ ሲረዝም እቆርጣለሁ፤ የተናደደ ሰው ሲናገር «በትሕትና ያመለክታል» እላለሁ። በዚያን ጊዜ ካፊኖኖ የሚያውቅ ዳኛ አልነበረንም። የሚያውቀው ችሎት አስከባሪው ነበር፤ እሱ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ሳቁን ይውጣል። ሻይ ስንጠጣ «ዛሬስ ስንት ሰው አሳመርክ?» ይለኝ ነበር። ዳኞቹ ግን በየግምገማው «የክፍሌ ትርጉም አጭርና ግልጽ ነው» እያሉ ያመሰግኑኛል። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

እትዬ ወርቅነሽ የመጡት በዘጠነኛው ዓመት ነው። ዋጫ ከተማ ማርና ኮረሪማ የሚነግዱ፣ ያላገቡና ያልወለዱ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። የቢታ ገነት ማር አምራች የነበረው ደንበኛቸው ገብሬ ከሚስቱ ጋር በአንድ ዓመት ውስጥ ሞተ። አልማዝ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ቀረች። አጎቷ ጋሽ ወልዴ የራሱን ስድስት ልጆች ማብላት አቅቶት ስለነበር፣ እትዬ ወርቅነሽ «እኔ ላሳድጋት» ሲሉት እሺ አለ። ልጅቷ እሳቸው ቤት ከገባች ዓመት ሊሞላት ነው። የቀረው ፍርድ ቤቱ ጉዲፈቻውን እንዲያጸድቅ ብቻ ነበር።

ያ «ብቻ» ግን ቀላል አልነበረም። የቀበሌ ማስረጃ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ ከፖሊስ ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት፣ የሁለቱም ጉርድ ፎቶ፣ የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ቤታቸው ሄዶ የሚጽፈው ጥናት፣ ማመልከቻ ጸሐፊ የሚያዘጋጀው የስምምነት ውል፣ በየወረቀቱ ላይ ቴምብር። የመጀመሪያው ቀጠሮ የቀበሌው ደብዳቤ ቁጥር ስለሌለው ተላለፈ። ሁለተኛው ደግሞ ጉዳዩን የያዙት ዳኛ ስብሰባ ስለሄዱ ተላለፈ። በሁለቱም ቀን እትዬ ወርቅነሽ ከልጅቷ ጋር ከዋጫ፣ ጋሽ ወልዴም በእሳቸው ወጪ ከቢታ ገነት መጥተው ቦንጋ አልጋ ይዘው አድረዋል።

እትዬ ወርቅነሽ ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ያዙኝ። «ሌላው ሰው በዘጠኝ ወር ይወልዳል» አሉኝ። «እናንተ ዘንድ ዓመት ሆነኝ፤ ገና ምጡ እንኳ አልጀመረም። ለመኪናና ለአልጋ ባወጣሁት ላም እገዛበት ነበር።»

«በሚቀጥለው ያልቃል፣ እትዬ» አልኳቸው። ይህን ለማለት ሥልጣን አልነበረኝም፤ ግን አልኩ።

በሦስተኛው ቀጠሮ ሁሉም ወረቀት ተሟላ። ዳኛዋ ከሌላ ዞን ተዛውረው የመጡ፣ ቶሎ የማይስቁ ሴት ናቸው። ጋሽ ወልዴን ጠየቁ፤ ተስማማ። ከዚያ አልማዝን ፊታቸው አቁመው «እትዬ ወርቅነሽ እናት እንዲሆኑሽ ትፈቅጃለሽ?» አሉ። እኔ ወደ ካፊኖኖ መለስኩላት።

ልጅቷ ብዙ ተናገረች። «እትዬን እወዳቸዋለሁ፤ ከእሳቸው ጋር መኖር እፈልጋለሁ። ግን ጸሐፊው ውሉን ለራሱ ሲያነብ ሰምቻለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ በእትዬ አባት ስም ትጠራለች ይላል። እኔ የገብሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ስለሞተ ስሙን ለምን ትወስዱብኛላችሁ?»

ዞር ብዬ እትዬ ወርቅነሽን አየሁ። ይህን ካልኩ ውሉ ሊታረም፣ ቀጠሮው ለሦስተኛ ጊዜ ሊተላለፍ ነው። ግቢው ውስጥ ምን እንደሚሉኝም ታየኝ።

«ፈቅጃለሁ ትላለች» አልኩ።

ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ይህን ሁሉ ተናግራ ሁለት ቃል ብቻ?»

«ካፊኖኖ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ክብርት ዳኛ።»

«አይረዝምም» አለች አልማዝ፣ በጠራ አማርኛ።

ዋጫ ገበያ ላይ አንድ ዓመት ማር ስትሸጥ አማርኛውን ለምዳዋለች። ታውቂያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ መጠየቅ ያለብኝ ደግሞ እኔ ነበርኩ። የተናገረችውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ራሷ ለዳኛዋ ነገረች። ችሎት አስከባሪው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዳኛዋ እትዬ ወርቅነሽን «ስሟ እንዲለወጥ የፈለጉት እርስዎ ነዎት?» አሉ።

«እኔ?» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። «ጸሐፊው ነው ከሌላ ሰው ውል የገለበጠው፤ እኔ ማንበብ አልችልም። ገብሬ አሥራ አንድ ዓመት ማር ሸጦልኛል፤ አንድ ቀን ስኳር አልቀላቀለበትም። የእሱን ስም ፍቄ ምን አተርፋለሁ?»

አልማዝ ያን ጊዜ ሄዳ ነጠላቸውን ያዘች።

ዳኛዋ ወደ እኔ ዞሩ። «አቶ ክፍሌ፣ እጅዎን ያንሱና እንደገና ይማሉ።» ስምንት ዓመት በሠራሁበት ችሎት፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ማልኩ። ከደመወዜም ተቀጣሁ። ውሉ ታርሞ እንዲቀርብ ለሳምንት ተቀጠረ።

ውጭ ስወጣ እትዬ ወርቅነሽ ጠብቀውኛል። አልጮኹም። «የጽሕፈቱንና የአልጋውን አንተ ትከፍላለህ» አሉ። ከፈልኩ።

በሳምንቱ ዳኛዋ ልጅቷን በየትኛው ቋንቋ መናገር እንደምትፈልግ ጠየቋት። «በካፊኖኖ፤ እሱ ይተርጉም» አለች ወደ እኔ እያመለከተች። የምትፈትነኝ መሆኑ ገብቶኛል። ቀስ ብላ ተናገረች፤ እኔም ቀስ ብዬ መለስኩ።

«ከእትዬ ጋር ለመኖር ፈቅጃለሁ ትላለች። ስሜም አልማዝ ገብሬ ነው ትላለች። አግዳሚው ወንበር ይቆረቁራል ትላለች።» ትንፋሼን ሰበሰብኩ። «አስተርጓሚው ሸሚዙን ገልብጦ ነው የለበሰው ትላለች።»

ዝቅ ብዬ አየሁ። ስፌቱ ወደ ውጭ ነበር።

ዳኛዋ መዝገቡን ፊታቸው ላይ ከለል አድርገው ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ጉዲፈቻው መጽደቁን አነበቡ። እትዬ ወርቅነሽ ልጃቸውን ይዘው በከሰዓቱ መኪና ወደ ዋጫ ሄዱ።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚያው ቆሜ ሠራሁ። ስድቡንም እንደ ስድቡ፣ ረጅሙንም እንደ ርዝመቱ ተረጎምኩ፤ በየግምገማው የሚያመሰግነኝ ቀነሰ። አዲስ ለሚቀጠሩ አስተርጓሚዎች የምላቸው ይህን ነው፦ ተናጋሪው አማርኛ ይችል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቻለም አልቻለም፣ ያለውን ሁሉ ተናገሩ።