«ትንንሾቹስ በልተዋል?»

አጎቴ ሰላምታውን የሚጀምረው ከክንዴ ነበር። ከዲላ ተነስቼ እሱ የሚኖርበት መንደር ባንኮ ጎቲቲ ስደርስ፣ ገና በሩ ላይ ከክርኔ ከፍ አድርጎ ጨበጥ ያደርገኛል፤ የሚስመኝ ከዚያ በኋላ ነው። «አሁንም አጥንት ብቻ» ይለኛል።

አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ የምማረውን ነገርኩት። በሰውነታችን ስብ ውስጥ፣ የደም ስሮች አጠገብ፣ ገና ስብ ያልያዙ፣ ወደፊት ግን የስብ ህዋስ የሚሆኑ ጥቃቅን ህዋሶች አሉ አልኩት።

«ስብ ከሌላቸው ታዲያ በምን ትለዩዋቸዋላችሁ?»

«ላያቸው ላይ ባለ ምልክት ነው፣ ጋሼ።»

ክንዴን እንደገና ያዘው። «እዚህም አሉ?»

«አሉ።»

«እንግዲያው አታስርቢያቸው» ብሎ ቆጮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር ክንዴን ይዞ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ትንንሾቹስ በልተዋል?»

ባለፈው ሳምንት፣ ከቀብሩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሄድኩ። በሩ ላይ ሳላስበው ክንዴን ዘረጋሁ። የሚይዘው አልነበረም። ባለቤቱ አየችኝና አስገባችኝ፤ ቆጮ በጎመንም አቀረበችልኝ። ቆርሼ ሳልጎርስ በእጄ ያዝኩት።

ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ብይ እንጂ ልጄ» አለችኝ፣ «ትንንሾቹ ምን አጠፉ?»