ሎተሪ የደረሳት ካውያ

በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ላውንደሪ ቤት ውስጥ ሁላችንም ካውያ ነበር የምንላት፤ አንድም ሥራዋ ልብስ መተኮስ ስለሆነ፣ አንድም ምላሷ ስለሚያቃጥል። የእሷ ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር ነው፤ እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ እድፍ አስለቅቃለሁ። አሁን የማወራውን እኩሌታውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን እሷው ነግራኛለች። ካውያ ስታወራ የምትደብቀው ነገር የላትም።

ሰው ትጠየፋለች። ከሥራዋ ነው የመጣባት። የታጠበ ልብስ ንጹሕ የሚመስለው ለባለቤቱ ብቻ ነው፤ ትኩስ ብረት ሲያርፍበት ግን ብብቱ ውስጥ የከረመው ላብ እንደ አዲስ ይነሣና ከእንፋሎቱ ጋር ፊት ላይ ቦግ ይላል። ኮሌታው ላይ የአንገት ቅባት አለ። ኪሱ ውስጥ ንፍጥ የደረቀበት ሶፍት፣ የተቆረጠ ጥፍር፤ አንድ ቀን እንዲያውም ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝታ ባለቤቱ ሳያፍር መጥቶ ወስዷል። ታላላቅ ሰዎች ሱፋቸውን ሲልኩ ወደ እኔ ታቀርበውና፣ ይሄ ሰውዬ መድረክ ላይ ሲያወራ አይተሽዋል፣ በይ አሁን አሽትቺው ትለኛለች።

ከተማውንም የምታየው እንደዚያው ነው። ከምትኖርበት ግቢ በር ፊት ለፊት ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ቦይ አለ። ዝናብ ሲጥል ሞልቶ፣ የሥጋ ቤቶቹን አንጀትና የሠፈሩን ዳይፐር ተሸክሞ ደጃፏ ድረስ ይመጣል። ሰዉ አፍንጫውን ይዞ ይሻገረዋል፤ ከተሻገረ በኋላ ዞር ብሎ እዚያው ላይ ይሸናል። ጠዋት ጠዋት ጫማዋን በጨርቅ እየጠረገች ስትገባ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ ሎተሪ ይድረሰኝ እንጂ በዚያው ቀን ጥዬው ነው የምሄደው። እኛ እንስቃለን። የት ትሄጃለሽ ስንላት፣ ውሃ የሚታይበት ቦታ ትላለች። ደመወዝ በተቀበለች ቁጥርም አንድ ትኬት ሳትቆርጥ ቤቷ አትገባም።

ቤቷ ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው እናቷ ተኝተዋል። ግማሽ አካላቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ አፋቸውን ግን ምንም አልነካውም። ካውያ ከሥራ በፊት ታጥባቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ መኝታ ብዛት ወገባቸው ላይ ያወጣውን ቁስል ትጠርጋለች፤ ማታም እንዲሁ። ያቺ ሰው ሁሉ የሚቀፋት ሴት እናቷ አይቀፏትም ነበር። ሚስጥሩን ስጠይቃት፣ የሚታጠብ ነገር ይታጠባል፣ አለቀ አለችኝ።

አንድ ታናሽ ወንድም አላት። በዚያው ከተማ፣ አንድ አውቶቡስ በሚያደርስበት ሠፈር፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። ሚስቱ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣች ዕለት በሩ ላይ ቆማ፣ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ እማማ ይማርዎት ብላ፣ ግቢ ቁጭ በይ ስትባል ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሊወጡ ነው ብላ ሄዳለች። እሱ ደግሞ ክፍሉ ሲከረፋው ስልክ እንደተደወለለት ሰው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ይወጣና በዚያው ይቀራል።

ሎተሪው የወጣ ዕለት ካውያ ምሳ ሰዓት ላይ አዟሪው ጋ ቁጥሯን አይታ ተመለሰች። ጠረጴዛዋ ጋ ቆመች። የጀመረችውን ሸሚዝ ጨረሰች፣ ማንጠልጠያ ላይ ሰቀለችው፣ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ “ደረሰኝ” አለችኝ። ሊያስመልሳት የደረሰ ሰው ነበር የምትመስለው።

ስንት እንደሆነ አላነሣም፤ ቤት ገዝቶ፣ ተርፎ ዕድሜ ልክ የሚያኖር ነው። ወሬው በማን በኩል እንደወጣ አላወቅንም። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሰዉ ሁሉ ሌላ ሆነ። ስንት ዓመት ሙሉ አንቺ ነይ አንቺ ሂጂ ሲላት የኖረው የላውንደሪው ባለቤት እርስዎ ማለት ጀመረ። ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወንበሩን ያመጣላታል፤ ወንበሩ ገና ከቂጡ ሙቀት አልበረደም። የግቢው ባለቤት፣ የአሮጊቷ አንሶላ ሸተተኝ ብላ ከገመድ አውርዳ አፈር ላይ የጣለች ሴትዮ፣ ገመዱን በራሷ እጅ አጥብቃ አሰረችላት። ሚስቱ የሞተችበት አናጢ ጎረቤት ቦዩን ልክደንልሽ ብሎ እንጨት ይዞ መጣ፤ ግማሹን ከድኖ ሳይጨርስ ስለ ትዳር አነሣ። ካውያ መዶሻውን ተቀብላ በሩን አሳየችው፤ ቦዩ ግማሹ እንደተከደነ ቀረ።

ዝንብ ናቸው አለችኝ። የሸተተኝ እኔው ራሴ ነኝ፤ የሚሸት ነገር ባይኖርብኝ እንዲህ ይከቡኝ ነበር?

እሑድ ዕለት ወንድሟና ሚስቱ ብርቱካን ይዘው መጡ። ሚስትየው በዚህኛው ቀን በሩ ላይ አልቆመችም። ቀጥ ብላ ገባች፣ ጃኬቷን አወለቀች፣ እጅጌዋን ጠቀለለች፣ ሳፋ የት አለ አለች። ካውያ ተይው፣ ጠዋት አጥቤያታለሁ ብትላት አልሰማችም። አሮጊቷን ገልብጣ፣ ቁስሉን ገልጣ፣ እማምዬ፣ እማምዬ እያለች በሞቀ ውሃ ታሻቸው ጀመር። ካውያ ከኋላ ሆና የምታየው የሴትዮዋን ጉሮሮ ነው። ጉሮሮዋ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ የመጣባትን መልሳ ትውጠዋለች፣ ከዋጠች በኋላ ፈገግ ትላለች። ወንድሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የእናቱን እግር ይዳብሳል። መጨረሻ ላይ ምራትየዋ ጎንበስ ብላ ግንባራቸውን ሳመቻቸው።

ካውያ ወጣች። ግንቡን ተደግፋ አስመለሳት። ያንን ቁስል ስንት ዓመት ጠርጋ አንድ ቀን ያላቅለሸለሻት ሴት ናት።

በዚያው ሳምንት ፈቃድ ጠይቃ ሐይቅ ወዳለበት ከተማ ሄደች፤ ሩቅ ነው፣ አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ነው የሚፈጅበት። ቤት ገዝታ መጣች። ወለሉ ነጭ ሴራሚክ፣ መታጠቢያ ክፍሉ እዚያው ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ ሲከፈት ሐይቁ ፊት ለፊት። ስትነግረኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ ብሎ አየሁት። እናቷን ተኝተው የሚወስዳቸው መኪና ተዋውላለች፤ ዕቃውን ጥላው ልትሄድ ነው። የቀረው ለእናቷ መንገር ብቻ ነበር፤ ደስ ይላቸዋል ብላ ለመጨረሻ አቆይታዋለች።

እናትየው ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ፣ “አንቺ ሂጂ፣ እኔ እዚሁ ነኝ” አሏት።

“ማን ያይሻል እዚህ?”

“ምራቴ አለች። ወንድምሽ አለ። የልጅ ልጆቼ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ነው። የግቢዋ ሴትዮ ሳትቀር ጠዋት ብቅ ትላለች።”

“እማ፣ ለገንዘቡ እኮ ነው የሚመጡት።”

“እሱንማ መች አጣሁት። ታዲያ መጡ እኮ። አንቺ ሥራ ትውያለሽ፤ እኔ ጣሪያ ሳይ ነው የኖርኩት። አሁን ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ኳስ ያወራልኛል። ውሸቱንም ይሁን፤ ውሸቱን ስሰማ ቀኑ ይመሽልኛል። ከዚህ አንሥተሽ ውሃ ልታሳይኝ ነው?”

መኪናውን መለሰችው። እናቷን ጥላ መሄድ አልቻለችም፤ ገንዘቡን አልሰጥም ብትል ደግሞ ቤቱ በአንድ ቀን ወና እንደሚሆን ታውቃለች። ስለዚህ ቃልም አልገባች፣ እምቢም አላለች። ወንድሟ ያየውን መሬት ሲያነሣ፣ እናያለን። የግቢዋ ሴትዮ ስለ ልጇ ሱቅ ስታነሣ፣ እናያለን። በዚህች አንዲት ቃል ቤቱ ሞልቶ ዋለ። እሷ ግን ቃሏን ጠላቻት። አፌ ውስጥ እንደ ከረመ ዘይት ነው የምትቀርብኝ፣ ብተፋትም አትለቀኝም አለችኝ።

ቀን ቀን እዚያ ተቀምጣ ማየቱን ስላልቻለች ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ሎተሪ የደረሳት ሴት የሰው ሱሪ ስትተኩስ ለማየት ደንበኛ ሁሉ በመስኮት አንገቱን ያስገባ ነበር። ባለቤቱ ብቻ ተቸገረ፤ እርስዎ ያላትን ሴት ሱሪው ቶሎ ይድረስ ብሎ መቆጣት አልሆነለትም።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ክረምት አለፈ። የበለጠ ያንገሸገሻት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እናቷ ዳኑ ማለት ባይቻልም ሥጋ አበጁ። ቀንም የሚያገላብጣቸው ሰው ስላገኙ ያ ስንት ዓመት አልሽር ያለ ቁስል ደረቀ። የእኔ እውነት ያላዳነውን የእነሱ ውሸት አዳነው ብላ ካውያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቆማ የቀረችበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ የሰው ቀሚስ ሊቃጠል ነበር፣ እኔ ነኝ ያነሣሁት።

እየቆየ የሚመጣው ሰው ሳሳ። ጎረቤቱ ሰለቸው፤ ወንድሟም በሳምንት፣ ከዚያም በወር ሆነ። የወንድሟ ሚስት ግን አንድ ቀን አልቀረችም። አሮጊቷ የሞቱትም ቀን፣ እሷ ፀጉራቸውን እያጠበች፣ ጭንቅላታቸው እጇ ላይ እንዳለ ነው።

ቀብሩ አልፎ ለቀስተኛው ሲበተን ወንድሟ ነገሩን አነሣ። ካውያ እንደምትሄድና ቤቱን ከገዛችው እንደቆየች ነገረችው።

“ታዲያ እናያለን ስትዪን የነበረውስ?”

“አየሁ” አለችው።

እዚህ ላይ ወንድሟ ቱግ አለ። እህት አይደለሽም አላት፣ ስስታም አላት፣ ያን ሁሉ ጊዜ በዚያ ግማት ውስጥ ስቀመጥ የከረምኩት ለዚህ ነው ብሎ ጮኸ። የተናገረውን ጆሮው የሰማው ከወጣበት በኋላ ነው። ባዶውን አልጋ አንዴ አየና ወጥቶ ሄደ።

ሚስቱ ሳፋዎቹን እያጠበች ነበር። አጥባ ጨረሰች፣ ደፋቻቸው፣ እጇን አደረቀች።

“እትዬ፣ ለምን እንደመጣሁ ታውቂያለሽ፤ አልዋሽሽም” አለች። “የመጀመሪያ ቀን ቤቴ ገብቼ እህል አልበላሁም። ግን ያ ሁሉ ቆሻሻ በእጄ ነው ያለፈው። ልቤ የፈለገውን ያስብ፤ እጄ ግን ሠርቷል።”

ካውያ ጠረጴዛዋን ልታስረክብ የመጣች ዕለት ነው ይህን የነገረችኝ። ሁሉንም ስጠየፍ ከርሜ፣ ለካ እጄን ሳላቆሽሽ በባዶ ተስፋ ሰው የቀጠርኩት እኔ ነኝ አለች። ይህን ስትል የሰው ልብስ ላይ መጥፎ ነገር ስታገኝ የምታሳየው ፊት ነበር የታየባት፤ አሁን ግን ወደ ራሷ የዞረ። ምራትየዋን ባንክ ወስዳ፣ በባልዋ ሳይሆን በራሷ ስም፣ ቤት የሚያሠራ ገንዘብ አስገባችላት። ለወንድሟ የእናቱን አልጋ ተወችለት፤ መጥቶ አልወሰደውም። በማግሥቱ አንዲት ሻንጣ ይዛ ተሳፈረች።

ባለፈው ዓመት ሄጄ ጠይቄያታለሁ። ቤቷ ያበራል። ሻይ አፍልታልኝ መስኮቱ ጋ ተቀመጥን። ትመለሻለሽ ወይ ስላት ለእናቴ መቃብር እመጣለሁ፣ ለመኖር ግን አልመጣም አለችኝ። እንደዚያ እያወራን ስልኳ ጮኸ፤ የወንድሟ ሚስት ናት። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ረዘም አድርገው አወሩ። ስትዘጋ፣ አሁን ከአንቺ የምታገኘው ነገር የላት፣ ለምንድነው የምትደውለው አልኳት።

“አልጠየቅኳትም” አለች። “ልጠይቃትም አልፈልግም።”

በማግሥቱ ማለዳ ወደ አውቶቡሱ ልትሸኘኝ በሐይቁ ዳር ሄድን። ዓሣ አጥማጆቹ አንጀቱን እየዘረገፉ መንገዱ ላይ ይጥሉታል፤ ለሽርሽር የመጣው ሰው ጠርሙሱንና ፌስታሉን ውሃው ውስጥ ትቶት ሄዷል። ካውያ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ እየተሻገረች፣ አንዱን አጥማጅ ዕድሜውን ሳታይ ሰደበችው። ሰውየው ሳቀ፤ የሚያውቃት ይመስላል።

“እዚህም ሰው አለበት” አለችኝ። “ግን የማላውቀው ሰው ነው። የማላውቀውን ስጠየፍ እንቅልፍ እተኛለሁ።”