ከግድግዳው ማዶ ያለው ክፉ ሰው

ስለ ፊልም ወሬ ሲነሳ ከእኔ ጋር የሚስማማ ሰው አግኝቼ አላውቅም። ማንን ትወጃለሽ ሲሉኝ ክፉውን እላለሁ። ቆንጆውን፣ ዘፋኙን፣ በመጨረሻ ልጅቷን የሚያገባውን ሳይሆን ክፉውን። ልጆቼ "እማዬ ለየት ማለት ትወዳለች" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እነሱ ፊልም የሚያዩት በዓይናቸው ብቻ ነው። እኔ ግን ፊልም መውደድን የተማርኩት አንድም ፊልም በዓይኗ ሳታይ ለዓመታት ስትወድ ከኖረች ሴት ነው፤ ከእናቴ።

ያኔ ጅማ ነበርን፤ ዘመኑም የንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት። ቤታችን ከአንድ ሲኒማ ቤት ጀርባ የተለጠፈ ነበር። የሠራው ሰው አራተኛ ግድግዳ ለማቆም ሰንፎ የሲኒማውን ግድግዳ እንዳለ ተጠቅሞበታል። ስለዚህ እሁድ እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ የሕንዱ ዘፈን፣ የካውቦዩ ተኩስና የሕዝቡ ፉጨት ተጠራርተው እኛ ቤት ይገባሉ። ፈረስ ሲጋልብ ብርጭቆዎቻችን ይንጫጫሉ። ፊልሙ ተበጥሶ ጨለማ ሲሆንም እናውቃለን፤ ሕዝቡ ወንበሩን እየደበደበ ማሽን የሚያዞረውን ሰውዬ እስከ ሰባት ትውልዱ ይሰድበዋል።

እናቴ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር። ጀርባዋን ለዚያ ግድግዳ ሰጥታ፣ የመስኮቱን ብርሃን ፊት ለፊት አድርጋ ትቀመጣለች። ሲኒማ ቤቱን ግን እግሯ ረግጦት አያውቅም ነበር። የከለከላት የለም፤ ባለትዳር ሴት ጨለማ ውስጥ ከጎረምሳ ጋር ተጋፍታ ፊልም አየች ቢባል ወሬው ሰኮሩ ከተማ ሳይደርስ አይቆምም ነበር። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ከአባቴ ጋር ስለምገባ ማንም ምንም አይለኝም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ፊልምም የሚያየው በልብስ ሰፊ ዓይን ነው። አንዱ ተገድሎ አዳራሹ በሙሉ ሲያለቅስ እሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "የዚህን ኮት ትከሻ አየሽው? ማን ይሆን የሰፋው?" ይለኛል። እንዲህ ሲያይ ሲያይ የደረሰበት ነገር ነበር፤ በፊልም ውስጥ ጥሩ ልብስ የሚለብሱት ሁልጊዜ ክፉዎቹ ናቸው። አክተሩ፣ ማለትም ደጉ ሰው፣ እጅጌው የተቀደደ ሸሚዝ ለብሶ ይዞራል። የክፉው ሱፍ ግን አንዲት የተጨማደደች ቦታ የላትም። በገበያ ቀን ከደዶና ከአሰንዳቦ የሚመጡ የቡና ነጋዴ ልጆች "እንደ ፊልሙ አድርገህ ስፋልኝ" ሲሉት "እንደ አክተሩ ነው ወይስ እንደ ክፉው?" ብሎ ይጠይቃቸዋል። እንደ አክተሩ ያለ አንድም ሰው አላጋጠመውም። በካውቦይ ፊልም ደግሞ የአባቴ ምርጫ ፈረሱ ነበር። "ሳያወራ ሥራውን የሚሠራ እሱ ብቻ ነው" ይላል።

አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን የጅማ ተወላጅ፣ ሙስሊም ሴት ነበሩ። እናቴ በኦሮምኛ እናት ለማለት "አዴ" ትላቸዋለች፤ እኔም እንደዚያው። እሁድ ከሰዓት የሚለቅሙትን ቡና በሰፌድ ይዘው መጥተው ከእናቴ ጋር ግድግዳው ሥር ይቀመጣሉ። የእሳቸው ምርጫ የምታለቅሰዋ እናት ናት። በየሕንድ ፊልሙ አንዲት የምታለቅስ እናት አትጠፋም፤ አዴ ገና ድምፅዋን ሲሰሙ ያውቋታል። "ያ ረቢ፣ መጣች! ማሎ፣ እባክህ ከልጇ አገናኛት!" እያሉ እሳቸውም በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ቋንቋውን አንዳችንም አናውቀውም፤ አዴ ግን ለለቅሶ አስተርጓሚ አያስፈልግም ባይ ነበሩ።

አባቴ ይህን ሲሰማ ይናደዳል። "ስድስት ፊልም ሙሉ ስታለቅስ አንድ ቀን እንኳ ቀሚሷን አልቀየረችም!" ይላል። "አንተ ደግሞ ሰው ሲያለቅስ ቀሚስ ነው የሚታይህ?" ብለው አዴ ከአጥሩ ማዶ ይመልሱለታል። ሳምንቱ በዚህ ክርክር ያልቃል።

እናቴ በክርክሩ አትገባም። እሷ የወደደችው አንድ ድምፅ ነበር። ዝቅ ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ የማይቸኩል የወንድ ድምፅ። ሌሎቹ ሲጮኹ እሱ አይጮህም። ያ ድምፅ ሲመጣ እናቴ መጥለፏን ትታ ራሷን ግድግዳው ላይ ታስጠጋለች። አንድ እሁድ ከፊልም ስመለስ ጠራችኝ።

"ያ ቀስ ብሎ የሚናገረው ሰውዬ ማነው?"

"የቱ?"

"ሌሎቹ ሲንጫጩ እሱ በለሆሳስ የሚያወራው። ደግ ሰው ነው፣ አይደል?"

ሰውዬው ክፉው ነበር። በዚያ ቀን ብቻ አንድ ሽማግሌ ከደረጃ ገፍትሮ ጥሏል፣ ጎተራ አቃጥሏል። እናቴ ግን መልሴን ስትጠብቅ አንጀቴን በላችው። "አዎ፣ ደግ ነው። የአክተሩ ታላቅ ወንድም ነው" አልኳት። ፊቷ ፈካ።

አንድ ውሸት መቼ ብቻውን ይቀራል? ሰውዬው በሚቀጥለው ፊልም መጣ፤ ከዚያ በኋላ ባለውም መጣ። ሁልጊዜ ክፉ ነው፤ ቅንድቡ ብቻውን ያስፈራል፣ ለሌላ ሥራ አይሆንም። እኔም በየጊዜው አዲስ ሥራ ሰጠሁት። አንዴ ሚስቱ ሞታበት ልጆቹን ብቻውን የሚያሳድግ ዳኛ አደረግሁት። አንዴ ድሆችን በነፃ የሚያክም ሐኪም ሆነ። ልጅቷን በገመድ አስሮ የሳቀውን ሳቅ "የጠፋች እህቱ ተገኝታለት ነው" ብዬ ተረጎምኩት። ተኩሱን አደን ወጥቶ ነው ብዬ አለፍኩት። የጅማ ዝናብም ያግዘኝ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ግማሹ ፊልም አይሰማም፤ ያንን ክፍል እንዳሻኝ እሞላዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ከአንዳንዶቹ ፊልሞች የእኔው ይሻል ነበር።

ክፉውን መውደድ የጀመርኩት እኔም ያኔ ነው። ለእናቴ የምነግረው ነገር ፍለጋ ዓይኔን ከሰውዬው ላይ አልነቅልም። ሌላው ሕዝብ ቢላዋውን ሲያይ እኔ ሻይ ሲጠጣ አየዋለሁ፤ ስኒውን እንዳይሰበር የሚሳሳለት ይመስል ቀስ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። አንድ ጊዜ ሰው ሊያስገድል ሲወጣ በር ላይ የተኛውን ውሻ እንዳይረግጥ እግሩን አንስቶ አለፈ። ይህንን ከእኔ በቀር ያየ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሮጬ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት፤ ስለ ውሻው ብቻ።

አባቴ ነገሩን ያውቃል። "አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን ጉድ ይፈላል" ብሎኝ ነበር። ፈላም።

በኢድ ማግስት ሲኒማ ቤቱ ለሴቶችና ለሕፃናት ብቻ የቀን ፊልም አዘጋጀ። አዴ አዲስ ሻሻቸውን አስረው፣ እጃቸውን ሂና ተቀብተው ገና በጠዋቱ መጡ።

"ተነሺ! ወንድ የለበት፣ ወሬ የለበት። ዛሬ የእነዚህን ሰዎች መልክ ሳናይ አንውልም፣ ወላሂ!"

እናቴ አፈረች፣ አመነታች፣ ከዚያ ነጠላዋን አነሳች። "እስቲ ያን ደግ ሰውዬ ልየው" አለች።

ቆሌዬ ተገፈፈ። ወንበሩ ትኋን አለው አልኩ። ፊልሙ የሚያስፈራ ነው አልኩ። ራሴን አመመኝ ስል አዴ "ያ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንግዲያው አንቺ ተኚ፣ እኛ እንሄዳለን" አሉኝ። የፈራሁት የእናቴን ቁጣ አልነበረም። ትምህርት ቤት ውሸታሟ ለማለት "ቀደዳዋ" የሚል ቅጽል ወጥቶልኝ ነበር፤ አፌን ስከፍት ገና ይስቃሉ። የምነግረውን ሁሉ ዓይን ዓይኔን እያየ የሚሰማኝ ሰው እናቴ ብቻ ነበረች። ዛሬ ሰውዬውን ካየች ነገ የምነግራትን አታምነኝም። ያን የሚያምነኝን ጆሮ ማጣት ነው ያስፈራኝ።

ገባን። አዳራሹ በሽቶና በተቆላ ኦቾሎኒ ሽታ ታፍኗል። መብራቱ ጠፍቶ ብዙም ሳይቆይ ያ ድምፅ መጣ። ሰውዬው ነጭ ሱፉን ለብሶ፣ መስታወት ፊት ቆሞ ፀጉሩን እያበጠረ ያወራል። እናቴ እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘች። "እሱ ነው" አለችኝ በጆሮዬ። ሰውዬው ከመስታወቱ ዞር አለና እግሩ ላይ የወደቀችውን እናቱን በጫማው ገፍቶ ጣላት።

አዳራሹ ተናወጠ። "አንተ እርጉም!" "እግርህን ይቁረጠው!" ነጠላ ጫማ ሳይቀር ወደ ሸራው ተወረወረ። አዴ ብድግ ብለው "ሃራም ነው! እናት እኮ ናት! አላህ ያሳይህ!" እያሉ ይጮሃሉ። እናቴን ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። እጄን ግን አልለቀቀችኝም። በመጨረሻ አክተሩ ሰውዬውን ከገደል ሲጥለው ሴቱ ሁሉ እልል አለ። እናቴ እልል አላለችም። በሸራው ብርሃን ሰርቄ ሳያት ታለቅሳለች።

ዙሪያውን ዞረን ቤታችን ገባን። አዴ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እናቴ እግር ሥር ቁጭ አልኩ።

"እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"ዛሬ ነዋ ያወቅሽው።"

"ከመጀመሪያው ነው እንጂ። እሱ አፉን በከፈተ ቁጥር ሕዝቡ ሲራገም በዚህ ግድግዳ አይሰማኝም? በአማርኛም በኦሮምኛም እኮ ነው የሚረግሙት።"

ይህን አንድም ቀን አላሰብኩትም ነበር። ፊልሙ የሚሰማት ሴት ተመልካቹም ይሰማታል! ያን ሁሉ ጊዜ እሷን ያሞኘሁ መስሎኝ ሞኟ እኔ ነበርኩ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

ነጠላዋን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች። "ድምፁ የወንድሜን ይመስላል" አለች።

ወንድም እንዳላት አላውቅም ነበር። የነገረችኝ ያን ቀን ነው። ታናሿ ነው፤ እሷን ተከትሎ ከሸዋ መጥቶ አሰንዳቦ የቡና ጆንያ ይጭን ነበር። እኔ ገና ሳልራመድ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ በተነሳ ጠብ አንድ ሰው በቢላዋ ወጋ፤ ሰውየውም ሞተ። በፍርዱ ቀን እናቴ ችሎቱ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ የሟች እናት አየቻት። "የገዳዩ እህት አይደለሽም?" አለቻት፣ በሰው ሁሉ ፊት። እናቴም "አይደለሁም፤ አላውቀውም" አለች። ወንድሟ እጁን ታስሮ በዚያው በር እየወጣ ነበር። ሰማት። ከዚያ ወዲህ እዚያው ጅማ ወህኒ ቤት ነው፤ ከቤታችን በእግር ግማሽ ሰዓት። አንድም ቀን አልሄደችም። መጀመሪያ ፈርታ፣ በኋላ አፍራ።

"ሰው ሁሉ የሚረግመውን ሰውዬ አንቺ ደግ ስታደርጊው መስማት ደስ ይለኝ ነበር" አለችኝ። "ለገዛ ወንድሜ እኔ ያላደረግሁትን አንቺ ለማታውቂው ሰው አደረግሽለት።"

ተቃቅፈን አለቀስን። አባቴ ከሱቅ ሲመለስ እንደዚያው አገኘን፤ ምን ሆናችሁ ብሎም አልጠየቀ።

በሚቀጥለው እሁድ ፊልሙ ሲጀምር እኛ መንገድ ላይ ነበርን። እናቴ አገልግሉን፣ እኔ አባቴ ለአጎቴ ብሎ የሰጠኝን ካኪ ኮት ይዘናል። ልኩን በግምት እንደሰፋው፣ ከጠበበው ተመልሶ እንዲመጣለት ደጋግሞ ነግሮኛል። ወህኒ ቤቱ በር ላይ ሰልፉ ረጅም ነው። ጠያቂ ሁሉ ምግቡን ያስፈትሻል፣ የእስረኛውን ስምና ዝምድናውን ይናገራል፣ ከዚያ ይገባል። ሰልፉ ውስጥ የአሰንዳቦ ሰዎች ነበሩ። እናቴ ለይታ አወቀቻቸው፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስትስብ አየሁ። እንመለስ የምትለኝ መስሎኝ ነበር። አላለችም፤ ግን ሰልፉ አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር አገልግሉን ወደ ደረቷ ታስጠጋለች።

ተራችን ደረሰ። ዘበኛው ቀና ሳይል "የማን ጠያቂ?" አለ። ስሙን ነገረችው።

"ምኑ ነሽ?"

እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ገፈፈች። "እህቱ ነኝ" አለች፤ የሰልፉ ጫፍ ላይ ያለው ሰው ሳይቀር እንዲሰማ አድርጋ። "የአንድ እናት ልጅ።" ዘበኛው ቀና ብሎ አያትና ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺስ?"

እኔም እንደ እሷ ጮክ ብዬ "የእህቱ ልጅ" አልኩ።