ወልዋዩና ጥቁሩ ገንዳ

ሙያው ብረት መወልወል ነበር። ወርክሾፑ ውስጥ ሁሉም «መስታወቱ» ይለዋል፤ ከእጁ በወጣ ገንዳ ፊትን እያዩ ጺም መላጨት ይቻላል ይባል ነበር። ሚስቱ ብቻ በዚህ ስም ጠርታው አታውቅም። «መስታወት ቢሆን ራሱን ያይ ነበር» ትላለች።

ወርክሾፑ ለሆስፒታሎች የእጅ መታጠቢያ ገንዳ ይሠራል። የወርክሾፑ ባለቤት የእህቱ ልጅ ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝበት የሌዘር ማሽን አስገባ፤ ማሽኑን የምታሠራ ወጣት ኢንጂነርም ቀጠረ። ሌዘሩ የብረቱን ገጽ ዓይን በማያያቸው ጥቃቅን ቦዮች ያርሰዋል። ከዚያ በኋላ ውሃ አይጣበቅበትም። ጠብታው ክብ ሆኖ ይንከባለልና ቆሻሻውን ጠራርጎ ይወርዳል። የሚያጸዳው ሰው አያስፈልግም፤ የሚወለውለውም እንዲሁ። ሌሎቹ ወልዋዮች ተሰናበቱ። እሱን አጎት ስለሆነ አስቀሩት፤ ሥራው ጓንት አጥልቆ ዕቃ ማሸግ ሆነ።

ያልተዋጠለት ቀለሙ ነው። ከሌዘሩ የሚወጣው ብረት ጥላሸት ይመስላል።

«ይሄ ተቃጠለ እንጂ መች ተሠራ?» አላት ኢንጂነሯን።

«አባባ፣ የሚፈለገው እንደዚህ ነው። ብቻ እንዳይነኩት።»

«ብረት ሳይነካ ጥሩነቱ በምን ይታወቃል?»

«በውሃ» አለችና ሳቀች።

የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ሰዎች ገንዳውን ሊያዩ በሚመጡበት ጠዋት የእህቱ ልጅ ወደ ጥግ ወሰደው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ውል ከፈረሙልን አንተን ከዚህ የሚያስነሳህ የለም። ካልሆነ ግን አጎቴ ነው እያልኩ ላቆይህ አልችልም። እወቀው።»

«ገባኝ» አለ።

ሁሉም እንግዶቹን ለመቀበል ወደ ውጭ በር ሲወጡ እሱ ከገንዳው ጋር ብቻውን ቀረ። ጠርዙ ላይ የጣት አሻራ አየ። የሆነ ሰው በባዶ እጁ ይዞት ኖሯል። አሻራ ያለበት ዕቃ ለእንግዳ ማሳየት ለእሱ ሱሪ ሳይለብሱ አደባባይ እንደ መውጣት ነው። ጨርቁንና የመወልወያ ቅባቱን አወጣ። አሻራውን ብቻ ሊያነሳ ነበር። ጨርቁ ያለፈበት ቦታ ግን ነጣ፤ ከቀረው ጋር አልመሳሰል አለ። ዝንጉርጉር አድርጎ ሊተወው አይችልም። የእጅ መወልወያ ማሽኑን ሰካ። ከወራት በኋላ ክንዱ የሚያውቀውን ሥራ አገኘና ሌላውን ሁሉ ረሳ።

እንግዶቹ ሲገቡ ገንዳው ያብረቀርቃል። ኢንጂነሯ ጭቃ ውሃ በብርጭቆ ይዛ እየገለጸች ነበር፤ ዓይኗ ገንዳው ላይ ሲያርፍ ንግግሯ ተቋረጠ።

«እስቲ አፍስሺው» አላት አንዱ እንግዳ።

አፈሰሰችው። ውሃው ተንጣለለ። ጭቃው ባለበት ተኛ።

«ይሄማ እቤቴም አለ» አለ ሰውዬው። ጓደኛው ሳቀ።

«ማነው የነካው?» አለ የእህቱ ልጅ።

«እኔ ነኝ። አሻራ ነበረበት።»

ኢንጂነሯ በሳምንት ውስጥ ሌላ ሠርታ እንደምታሳያቸው ነግራ እንዲጠብቁ ለመነቻቸው። እንደውላለን አሉ። አልደወሉም።

የእህቱ ልጅ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለው ነበር። «ቱታውን ለጥበቃው ስጠውና ሂድ፣ ጋሼ» አለው፤ ቀና ብሎ ግን አላየውም።

ሌሎች ወርክሾፖች ዞረ። የሥራውን ናሙና አይተው ያደንቃሉ፤ ሽበቱን አይተው ይሸኙታል። አንዱ ብቻ እውነቱን ነገረው፦ «አባቴ፣ አሁን ብረቱ ከፋብሪካ ተወልውሎ ነው የሚመጣልን። አይልፉ።» የእህቱ ልጅ ወርክሾፕም ብዙ አልቆየም፤ አሁን በሩ ላይ ሰንሰለት አለ። ኢንጂነሯ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታለች ይባላል። እህቱ ስልኩን አታነሳም።

እሱ እቤት ይውላል። ሚስቱ ድስቶቿን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋባቸዋለች፤ የአንዱን ታች እስኪሳሳ ወልውሎባታል።

«አርፈህ ብትቀመጥ ምን አለበት?» ትለዋለች።

«ምን ልሥራ ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ» ትልና ሽንኩርቷን መክተፍ ትቀጥላለች።