ከእኔ በፊት ሐዋሳ የደረሰው ድስት

ድንገተኛ ጉዞዬን ለማቀድ አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ሥራው በእውነት ከባድ ስለነበር ነው።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ አንድ ወንበር ላይ አብሮኝ የተቀመጠው ጓደኛዬ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመደበ፤ እኔ ድሬዳዋ ደረሰኝና ከቤት እየተመላለስኩ መማር ጀመርኩ። እሱን ያሳደገችው አክስቱ ነበረች። እሷም እሱ በተመደበ በወሩ ጅቡቲ ያለችው ልጇ ዘንድ ሄዳ ቀረች። ስለዚህ ለጓደኛዬ ድሬ ውስጥ የተረፈው ቤት የእኛ ቤት ብቻ ነው። እናቴን "እማ" ይላታል፤ እሷም ከእኔ ይልቅ የእሱን አበላል ትወዳለች።

አንድ እሁድ ደወለልኝና ስለ ምግቡ፣ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ብርዱም ሲያወራኝ ቆየ። ለድሬ ልጅ ሐዋሳም ይበርዳል። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር አድርጎ፣

"ዶርማችን ስድስት ነን" አለኝ። "ለአምስቱ ሰው መጥቶላቸዋል። አባት፣ እህት፣ የሰፈር ልጅ። ጥበቃው 'እንግዳ መጥቶልሃል' ብሎ ሲያስጠራ ማየት አለብህ፤ ሁሉም ጫማውን እያጠለቀ ነው የሚሮጠው።"

"ለአንተስ?"

"የኔ እንግዳ መንገድ ላይ ነው ብያቸዋለሁ።" ሳቀ። "ከመጣሁ ጀምሮ መንገድ ላይ ነው።"

እኔ አልሳቅኩም። "እመጣለሁ" አልኩት።

"አንተ? አቦ ተወኝ! አንተ እኮ ደቻቱን ለመሻገር ሰማይ የምታይ ልጅ ነህ።"

እውነቱን ነው። ድሬን ለሁለት የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ጎርፉ ግን ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ከተራራው ወርዶ ይመጣል፤ ስለዚህ እኔ በበጋም ቢሆን፣ በድልድዩም ላይ ብሆን፣ መጀመሪያ ወደ ተራራው አያለሁ። ይህ ጥንቃቄ እንጂ ፍርሃት አይደለም።

"ከመጣህ ደግሞ እንዳትነግረኝ" አለ ጓደኛዬ። "ቀን ቆርጠህ፣ ሰዓት ጽፈህ፣ እንደ ስብሰባ እንዳትመጣብኝ። ድንገት ና። ጥበቃው ያስጠራኝ።"

ስልኩ እንደተዘጋ አዲስ ደብተር አወጣሁ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ "ድንገተኛ ጉዞ" ብዬ ጻፍኩና በማስመሪያ አሰመርኩበት።

የመጀመሪያው ረድፍ ፈቃድ ነበር። እናቴን ስጠይቃት የመጀመሪያ መልሷ "አይሆንም" ሆነ፤ ሁለተኛው "ከማን ጋር?" ነበር። በእኛ ቤት ሁለተኛው መልስ ፈቃድ ማለት ነው። ቀጥሎ መምህሬ ዘንድ ሄድኩ። የሚቀርብኝ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ስም የማይጠራበት። ቢሆንም በሥነ ሥርዓት ማመልከቻ ጽፌ፣ ቀን አድርጌ፣ ፈርሜ ሰጠሁት። መምህሩ ቆሞ አነበበው።

"ምክንያት፦ ድንገተኛ ጉዞ" አለ ጮክ ብሎ። "መቼ ነው?"

"ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ።"

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ወረቀቱን እንደገና አየ። "ጎበዝ" አለኝ። እኔም በጣም ደስ አለኝ። ቃሉ በምን ድምፅ እንደተነገረ ያሰብኩበት ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

ከሳምንት በኋላ የቀረኝ መኪናው ብቻ ነበር። ከቤታችን ሁለት በር አልፎ የሚኖር የጭነት መኪና ሾፌር አለ። ሰፈሩ በሙሉ በሶማሊኛ "አዴር" ይለዋል፤ አጎቴ እንደማለት ነው። ከድሬ ሐዋሳ እቃ ያመላልሳል፤ ጋቢናው ውስጥ ከእሱ ጎን ሁለት ሰው ይቀመጣል። ከመኪናው ሥር ባለው ጥላ ቁጭ ብሎ በወተት የፈላ ሻይ ሲጠጣ አገኘሁትና ደብተሬን ገለጥኩ።

"አዴር፣ ሐዋሳ መቼ ነው የምትሄደው?"

"ጭነት ሲሞላ።"

"መቼ ይሞላል?"

"ሲሞላ።"

"እሺ፣ በግምት?"

"ዋሪያ፣ እኔ ባቡር ነኝ እንዴ?" ሻዩን አስቀመጠ። "በሚቀጥለው ሳምንት፣ ዓርብም ሊሆን ይችላል፣ ኢንሻአላህ።"

"ዓርብ" ብዬ ጻፍኩ፤ ለመምህሬ ከነገርኩት ዓርብ ጋር ገጠመ። አንገቱን አስግጎ ደብተሬን አየና ሳቁ እስኪያስለው ሳቀ።

"ኢንሻአላህን በእስክሪብቶ ጻፍከው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም ነገር ወደ ዓርብ ተሰለፈ። ሰኞ ጫማዬን አሰፋሁ። ረቡዕ ጠዋት ሸሚዝ ሊታጠብ፣ ሐሙስ ማታ ሊተኮስ ሠንጠረዡ ላይ ቦታ አገኘ። ዝናብ ቢዘንብ፣ መኪና ቢበላሽ፣ ጓደኛዬ ከግቢ ወጥቶ ቢሆን የሚሉ ሦስት ተጨማሪ ረድፎች ነበሩኝ። ለእያንዳንዱም መፍትሔ አበጅቼለት ነበር።

እናቴ በበኩሏ ጭኮ አዘጋጀች። ገብስ አስቆልታ አስፈጭታ በንጥር ቅቤ ያሸችው ነው፤ ጓደኛዬ ከዚህ በላይ የሚወደው ምግብ የለም። በላስቲክ እቃ ይዤው እንድሄድ ሐሳብ አቀረብኩ።

"በላስቲክ?" አለች። "በዚህ ሙቀት አዋሽ ሳትደርስ ቅቤው ወጥቶ ጋቢናውን ይቀባላችኋል። ደግሞስ የዶርም ልጆች ምን ይላሉ? የድሬ ሴት በላስቲክ ላከች ይበሉኝ?"

ከቁም ሳጥኑ የላይኛው መደርደሪያ ባለ አበባዎቹን ድስቶች አወረደች። እነዚህ ድስቶች አምስት ናቸው፤ ነጭ ሆነው ቀይ አበባ አለባቸው፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ ይገባል። አያቴ ባቡር ላይ ሲሠራ ለሠርጓ ከጅቡቲ ያመጣላት ናቸው። በሕይወቴ ሙሉ ሲጠረጉ እንጂ ሲበሰልባቸው አላየሁም። ሦስተኛውን መረጠችና ጭኮውን ጠቅጥቃ ሞላችው፤ ክዳኑን በነጭ ጨርቅ አሰረችው።

"ይዘኸው ትሄዳለህ፤ ይዘኸው ትመለሳለህ" አለችኝ።

"ድስት መመለስ" ብዬ መዘገብኩ።

ረቡዕ ጠዋት ሸሚዞቼን አጥቤ ገመድ ላይ እያሰጣሁ ሳለ በር ላይ ክላክስ ተነፋ። ወጣሁ። የአዴር መኪና ሞተሩ እየሠራ ቆሟል፤ ሸራው ታስሯል።

"ሞላ!" አለ ከመስኮቱ። "ና ውጣ!"

"ዛሬ ረቡዕ ነው" አልኩት።

"እኔ ምን አልኩ? ረቡዕ ነው።"

"ዓርብ ነበር ያልነው።"

"አንተ ነህ ያልከው። እኔ ኢንሻአላህ ነው ያልኩት። አምስት ደቂቃ እጠብቅሃለሁ፤ ቶሎ በል!"

አምስት ደቂቃ ብዙ ጊዜ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰው ልብስ ለብሶ፣ እናቱን ስሞ፣ መኪና ላይ መውጣት ይችላል። እኔ ግን ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩ። ማመልከቻዬ ላይ የተጻፈው ዓርብ ነው። ሸሚዜ እርጥብ ነው። "ዝናብ ቢዘንብ" የሚል ረድፍ አለ፤ "ቀድሞ ቢሞላ" የሚል ግን የለም። እናቴን አየኋት። ሂድ ብትለኝ እሄድ ነበር፤ ቅር ብትለኝም እቀር ነበር። እሷ ግን ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ፣

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" አለችኝ። በዓለም ላይ ከዚህ የከበደ ትእዛዝ ተሰጥቶኝ አያውቅም።

ተመልሼ ወጣሁና "አዴር፣ እስከ ዓርብ ብትቆይ..." ስል የጀመርኩትን አልጨረስኩትም። አዴር እናቴን አያት፤ ድስቱን ተቀበላትና እኔ ልቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ አስቀምጦ በቀበቶ አሰረው።

"ድስቱ ይሂድ" አለ። "እሱ ፈቃድ አላስፈለገውም።"

የጓደኛዬን ስልክ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ጽሑፌ በጣም የሚነበብ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ደወለ።

"ዛሬ ጥበቃው አስጠራኝ" አለኝ። "'እንግዳ መጥቶልሃል' አሉኝ። ልጆቹ 'አየህ፣ ደረሰልህ!' እያሉ እስከ ደረጃው ሸኙኝ። ሮጥኩ አቦ። በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ስደርስ አዴር ድስት አቅፎ ቆሟል።"

"ይቅርታ። ሳይታሰብ ረቡዕ ሞልቶ..."

"ምንም አይደል። ጭኮው አንደኛ ነው፤ እማን አመስግንልኝ።" ሳቀ፤ ግን የእሱ ሳቅ አልነበረም። "እንግዳህስ ሲሉኝ ድስቱን አሳየኋቸው።"

አዲስ ቀን ልቆርጥለት አፌን ስከፍት ቀደመኝ። "እባክህ፣ ሠንጠረዥ እንዳትልክልኝ።"

ከዚያ በኋላ ስደውልለት አጫጭር መልስ ይሰጠኝ ጀመር። "ደህና ነኝ።" "ፈተና አለ።" "እሺ።" ለአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ስንቀመጥ "እሺ" ብሎኝ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ይከራከረኝ ነበር። ደብተሬን ከፍቼ ምን ላይ እንደተሳሳትኩ ፈለግኩ። የሚያሳዝነው፣ ሠንጠረዡ ላይ አንድም ስህተት አልነበረም።

አዴር ከሌላ ጉዞ ሲመለስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችው።

"ድስቴስ?"

"ልጁ አልሰጥም አለኝ" አለ አዴር። "'የሰው እቃ ባዶውን አይመለስም' አለኝ። ታዲያ ሙላውና ስጠኝ አልኩት። 'ስሞላው ደግሞ ያመጣው ሰው መጥቶ ይውሰደው' አለኝ። ያመጣሁት እኔ ነኝ ብለው፣ 'አንተ ሾፌር ነህ፤ ላኪው ሌላ ነው' አለኝ። ወላሂ ይሄ ልጅ ጠበቃ ነው የሚወጣው!"

እናቴ እዚያው ደወለችለት። "አንተ! ድስቴን ምን አደረግከው?"

"እማ፣ ደህና ነው" ሲል ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማ። "በልብሴ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ግን ሰው ካልመጣ አይመጣም።"

እናቴ የቀሩትን አራት ድስቶች ለመደራረብ ሞከረች። ሦስተኛው ስለሌለ ሁለቱ ትንንሾች በትልቁ ሆድ ውስጥ እየተንከባለሉ ተንኳኩ። ቁም ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር ይንኳኳሉ። ቁም ሳጥኑ ደግሞ በዚያ ሰሞን ያለ ምክንያት ይከፈት ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ክፍል ልሄድ በአንድ እጄ ደብተር ይዤ ስወጣ የአዴር መኪና ከበራችን ፊት ቆሟል፤ ሞተሩ ይሠራል።

"ሞላ" አለኝ።

"ዛሬ እኮ ክፍል..." ብዬ ጀመርኩ።

እናቴ ከኋላዬ ነበረች። "ድስቴን አምጣ" አለችኝ።

"ልብስ አልያዝኩም።"

"ድስቴን።"

"ለመምህሩ አላሳወቅኩም።"

"ልጄ፣ ድስቴን!"

በአሥራ ዘጠኙ ቀን ውስጥ ስለ ሹራብ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ማደሪያ፣ ስለ መንገዱ ሰላም ያልጠየቀችኝ ነገር አልነበረም። ያን ቀን ምንም አልጠየቀችኝም። እኔ ደግሞ እናቴን ማስቀየም የማልወድ ልጅ ነኝ። ወጣሁና ድስቱ በተቀመጠበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ቀበቶውንም አሰርኩ። የደቻቱን ድልድይ ስንሻገር ወደ ተራራው ማየት መርሳቴ ትዝ ያለኝ ሚኤሶ ከደረስን በኋላ ነው።

አዳማ አደርን። ሻሸመኔ ስንቃረብ ብርድ ብርድ አለኝ፤ አዴር ሽርጡን አውጥቶ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። ሐዋሳ ግቢው በር ላይ የወረድኩት በክፍል ሸሚዝ፣ በሾፌር ሽርጥና በአንድ የጂኦግራፊ ደብተር ነው። ለጥበቃው የጓደኛዬን ስም ነገርኩት፤ አስጠራው።

ጓደኛዬ አልሮጠም። እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ ሌላ ድስት ሊቀበል እንደሚመጣ ሰው ቀስ ብሎ መጣ። አየኝ። ከዚያ እጆቼን አየ።

"ምን ይዘህ መጣህ?"

"ምንም።"

ሽርጡን አየ፤ ደብተሩን ወስዶ ገለጠ፤ ሠንጠረዥ እንደሌለበት አረጋገጠ። ከዚያ አንገቴን ጨምድዶ ይዞ እየጎተተ ወደ ዶርም ወሰደኝና በሩን በእግሩ ከፈተው። አምስት ልጆች ቀና አሉ።

"መንገድ ላይ ነው ያልኳችሁ ይሄ ነው" አለ። "ትንሽ ቆየ።"

ድስቱን ከአልጋው ሥር አወጣው። ክዳኑ በእናቴ ነጭ ጨርቅ እንደታሰረ ነው፤ ጨርቁ ታጥቧል። እስከ አፉ በቡና ተሞልቷል። ከሞላ ሦስት ሳምንት አልፎታል አሉኝ ልጆቹ፤ ማንም እንዳይነካው ይከለክላቸው ነበር።

ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

"ድስቴ ደህና ነው?" አለች። እንዴት ገባህ አላለችኝም።

ጓደኛዬ ስልኩን ነጠቀኝ። "እማ፣ ድስትሽ ደህና ነው፤ ሞልቷል" አላት። "ልጅሽን ግን ጥቂት ቀን እናቆየዋለን። ባዶ እጁን ነው የመጣው፤ ባዶውን አይመለስም።"